የደጃፉ ጽሑፍ፦ በአሮጌ ሱቅ መግቢያ ስለተገኘው የ«ሊፕተን» ሞዛይክ

ከእንግሊዝ አገር የደረሰኝ ጥያቄ ባጭሩ ይህ ነው። ጠያቂያችን የአበሻ ቡና የሚያቀርቡበት ካፌ ለመክፈት በአንዲት ከተማ ዋና መንገድ ላይ አንድ አሮጌ ሱቅ ተከራይተዋል። በመግቢያው ላይ ተለጥፎ የነበረውን የፕላስቲክ ምንጣፍ ሲያስነሡ፣ ከሥሩ በጣት ጫፍ መጠን ባላቸው ነጭ ጠጠሮች የተነጠፈ የሞዛይክ ወለል፣ ዙሪያውን ጥቁር ጠርዝ፣ በመካከሉም በቀይ ፊደላት «ሊፕተን» የሚል ጽሑፍ ወጣ። በሻይ ከረጢት ላይ የምናውቀው ስም ነው ወይ? ማን ሠራው? መቼ? ስምስ እንዴት ሰው በሚረግጠው ወለል ላይ ይጻፋል? ሥራ ተቋራጩ በሴራሚክ እንሸፍነው ስላለ፣ ከመሸፈኑ በፊት ታሪኩን ማወቅ እፈልጋለሁ ብለዋል።

ሥራዬ እንዲህ ያሉትን የቆዩ ወለሎች መጠገን ስለሆነ አስቀድሜ አንድ ነገር እለምንዎታለሁ፤ እባክዎ አያስሸፍኑት። ምክንያቱን ለማስረዳት ግን ወለሉ የሁለት ዓይነት ሰዎች ሥራ መሆኑን ማሳየት ይኖርብኛል። አንደኛው ስሙ የተጻፈለት ነጋዴ ነው። ሌሎቹ ደግሞ ጠጠሩን አንድ በአንድ ደርድረው፣ የራሳቸውን ስም የትም ሳያኖሩ ወደ ሚቀጥለው ሱቅ ያለፉ የእጅ ባለሙያዎች ናቸው። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ስሙ እርስዎ የገመቱት ነው። ቶማስ ሊፕተን በ1848 በግላስጎው ከተማ፣ ከአየርላንድ ከመጡ ድሆች ወላጆች ተወለደ። አባትና እናቱ አነስተኛ የምግብ ሸቀጥ ሱቅ ነበራቸው። ልጁ ገና በጉርምስናው ወደ አሜሪካ ተሻግሮ በእርሻም በሱቅም ሲሠራ ከቆየ በኋላ፣ የኒውዮርክ መደብሮች ዕቃቸውን እንዴት እንደሚደረድሩና ደንበኛን እንዴት እንደሚቀበሉ በሚገባ አጥንቶ ተመለሰ፤ በ1871ም በተወለደባት ከተማ የመጀመሪያ ሱቁን ከፈተ። በዚያ ሱቅ ዋናው ሸቀጥ ሻይ አልነበረም፤ የአሳማ ሥጋ፣ ቅቤ፣ እንቁላልና አይብ ነበር። ማስታወቂያን እንደ ጌጥ ሳይሆን እንደ ዋና ሥራ የሚቆጥር ሰው ስለነበረ፣ የሰቡ አሳማዎችን በግላስጎው ጎዳና እያስነዳ ወደ ሱቁ ያስወስድ ነበር፤ በ1881 ደግሞ ለገና በዓል ከአሜሪካ ግዙፍ አይብ አስመጥቶ በውስጡ የወርቅ ሳንቲሞች በመደበቁ ሕዝቡ ለመግዛት ተጋፋ። ወደ ሻይ ንግድ የገባው በ1880ዎቹ መጨረሻ ነው። በ1890 ያን ጊዜ ሴሎን ትባል በነበረችው በስሪላንካ የሻይ እርሻዎችን ገዛ፤ በየሱቁ በሚዛን እየተሰፈረ ይሸጥ የነበረውንም ሻይ፣ አስቀድሞ ታሽጎ ስሙ በተጻፈበት ጥቅል ያቀርብ ጀመር። በ1898 ድርጅቱ ወደ አክሲዮን ማኅበርነት ሲለወጥ ሱቆቹ በመቶዎች ይቆጠሩ ነበር። እንግዲህ በደጃፍዎ ያለው ስም የሻይ ምልክት ሆኖ ሳይሆን የምግብ ሸቀጥ ሱቅ ስም ሆኖ የተነጠፈ ነው፤ ሻዩ በዚያ ጣሪያ ሥር ከሚሸጡት ብዙ ነገሮች አንዱ ነበር።

ለምን በወለል ላይ ተጻፈ የሚለውን ጥያቄ ከሁሉም በላይ ወድጄዋለሁ፤ መልሱ ከመስታወት ይጀምራል። በብሪታንያ በመስታወት ላይ ይጣል የነበረው ቀረጥ በ1845፣ የመስኮት ግብር ደግሞ በ1851 ተነሣ። ከዚያ በኋላ ሰፋፊ መስታወት እየረከሰ ሲሄድ፣ ባለሱቆች የዕቃ ማሳያቸውን ለማስፋት በሩን ከመንገዱ መስመር ወደ ውስጥ አስገቡት፤ መስታወቱም በግራና በቀኝ እየታጠፈ እስከ በሩ ድረስ ስለሚዘልቅ፣ በእግረኛ መንገዱና በበሩ መካከል ከላይ የተሸፈነ ከፊት የተከፈተ ትንሽ ደጃፍ ተፈጠረ። ይህ ቦታ ከቤትም ከመንገድም አይደለም። ዝናብ ይገባበታል፣ በምስማር የተጠናከረ የሠራተኛ ጫማ ይረግጠዋል፣ በዚያ ዘመን ደግሞ መንገዱን የሞላው የፈረስ ፋንድያ ከጭቃው ጋር ተለውሶ በየሰዉ እግር ይገባበታል። ሳንቃ ቢነጠፍበት ይበሰብሳል፣ ምንጣፍ አይታሰብም፣ የተላገ ሰፊ ድንጋይ ደግሞ ሲረጥብ ያንሸራትታል። ትናንሽ ጠጠሮች በጥብቅ ተደርድረው የተነጠፈ ወለል ግን መጋጠሚያው ብዙ ስለሆነ እግርን ይይዛል፣ ለረጅም ዘመን አያልቅም፣ በየማለዳው በባልዲ ውኃና በብሩሽ ይታጠባል።

የመታጠቡ ነገር ከንግዱ ጋር የተያያዘ ነበር። በዚያ ዘመን የምግብ ነጋዴዎች ወተትን በውኃ፣ ዱቄትን አሉም በሚባል ጨው፣ ቅቤን በሌላ ቅባት ይደባልቃሉ ተብለው ይታሙ ነበር፤ ሐሜቱም በብዙ ቦታ እውነት ስለነበረ በ1875 የምግብና የመድኃኒት ሽያጭን የሚቆጣጠር ጠንካራ ሕግ ወጣ። የሰንሰለት ሱቆች፣ ማለትም በአንድ ስም ብዙ ቅርንጫፍ ያላቸው ሱቆች፣ ባለቤቶች ደንበኛው ገና በሩን ሳይከፍት እምነት እንዲያድርበት ፈለጉ። የሴይንስበሪ ቤተሰብ በ1882 በለንደን አጠገብ በምትገኘው በክሮይደን የከፈቱት ሱቅ ግድግዳው በሸክላ ጡብ የተለበጠ፣ የሻጭ ጠረጴዛው እብነ በረድ፣ ወለሉ ሞዛይክ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ለብዙ ዓመታት የጥሩ ምግብ ሱቅ መልክ ይህ ሆኖ ቆየ። በነጭ ወለል ላይ ቆሻሻ አይደበቅም። ነጭ ወለል የሚያነጥፍ ነጋዴ በየቀኑ እንደሚያስጠርገው ለመንገደኛው ሁሉ ቃል መግባቱ ነበር፤ እኔ ይህን ከውበቱ ይልቅ አከብረዋለሁ።

ስሙን በተመለከተ፣ ከበሩ በላይ የሚሰቀለው የሱቅ ሰሌዳ ከመንገዱ ማዶ ላለው ሰው ነው የሚታየው። ወደ መስታወቱ ተጠግቶ ዋጋ የሚያነብ ሰው ግን በላዩ የፀሐይ መከላከያ ሸራ ስለተዘረጋ ሰሌዳውን አያየውም፤ ዓይኑ ከዕቃው ወደ ታች ሲወርድ የሚያገኘው ወለሉን ነው። ስለዚህ ነው ፊደላቱ ብዙውን ጊዜ ከመንገድ ወደ ሱቁ ለሚገባ ሰው በሚነበቡበት አቅጣጫ የሚደረደሩት። ሰሌዳውን አዲስ ባለሱቅ በአንድ ቀን ቀለም ቀብቶ ይለውጠዋል፤ በሲሚንቶ ውስጥ የተቀበረውን ስም ለማንሣት ግን ወጪው ከባድ ስለሆነ ምንጣፍ አልብሶት ያልፋል። የእርስዎም የተረፈው በዚሁ መንገድ ሳይሆን አይቀርም።

አሁን ወደ ሠሪዎቹ ልምጣ። በብሪታንያ የሞዛይክ ፍቅር እንደገና የተቀሰቀሰው በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ነው። በ1840 ሪቻርድ ፕሮሰር የተባለ ሰው የደረቀ የሸክላ ዱቄትን በመጭመቂያ ጨምቆ ትናንሽ ቅርጾች ለማውጣት የሚያስችል የፈጠራ መብት አገኘ፤ በእንግሊዝ በስቶክ ከተማ የነበረው የሚንተን የሸክላ ፋብሪካም በዚህ ዘዴ እኩል መጠን ያላቸው የሞዛይክ ጠጠሮችን ማምረት ጀመረ። በሌላ በኩል፣ ዛሬ የቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም በሚባለው በለንደኑ ሳውዝ ኬንሲንግተን ሙዚየም የተነጠፉትን አንዳንድ ወለሎች የሠሩት በዎኪንግ እስር ቤት የነበሩ ሴት እስረኞች ናቸው፤ እብነ በረዱን እየከሰከሱ የደረደሩት እነርሱ ናቸው። ጎብኚው ዛሬም በእጃቸው ሥራ ላይ ይራመዳል። ይሁን እንጂ ሞዛይክን ከሙዚየምና ከቤተ ክርስቲያን አውጥቶ ሥጋና ቅቤ በሚሸጥበት ሱቅ ደጃፍ ላይ ያደረሰው ከሰሜን ምሥራቅ ጣሊያን የመጣ አንድ የአሠራር ዘዴ ነው።

በዚያ አካባቢ ፍሪዩሊ የሚባል ምድር አለ። እንደ ታሊያሜንቶ ያሉት ወንዞቹ ሰፊ የጠጠር ሜዳ ያላቸው ናቸው። መሬቱ ለእርሻ የማያዋጣ ስለሆነ፣ የስፒሊምበርጎና የሴኩአልስ መንደሮች ወንዶች ከወንዙ ባለቀለም ጠጠር እየለቀሙ በቬኒስ ወለል ማንጠፍን ሙያ አደረጉት። በ1826 በሴኩአልስ የተወለደው ጃን ዶሜኒኮ ፋኪና የጥንት ሮማውያን ሞዛይኮችን ሲጠግን፣ አሮጌውን ወለል በፊቱ ላይ ጨርቅና ወረቀት ለጥፎ እንዳለ ማንሣት እንደሚቻል ተረዳ። ከዚህም ቀጥሎ አዲስ ሞዛይክን በዚያው መንገድ ገልብጦ መሥራት እንደሚቻል አሳየ፤ በ1875 የተከፈተው የፓሪስ ኦፔራ ሞዛይክ በዚህ ዘዴ በአጭር ጊዜና በአነስተኛ ወጪ ስለተጠናቀቀ ዝናው በአውሮፓ ተሰማ።

የአሠራሩን ሂደት ልዘርዝረው፤ የደጃፍዎ ወለል በዚህ መንገድ እንደተሠራ እገምታለሁና። በሥራ ቤት ውስጥ፣ በትልቅ ጠረጴዛ ላይ፣ የወለሉ ሥዕል በእውነተኛ መጠኑ በወፍራም ወረቀት ላይ ይሣላል፤ የሚሣለው ግን በመስታወት ውስጥ እንደሚታይ ሆኖ ተገልብጦ ነው። ሠራተኛው እብነ በረዱን በመዶሻና በስለት እየቆረጠ፣ እያንዳንዱን ጠጠር በፊቱ በኩል ውኃ በሚያስለቅቀው የዱቄት ሙጫ በወረቀቱ ላይ ይለጥፋል። ሥራው ሲያልቅ ወረቀቱ እየተቆራረጠ ቁጥር ይጻፍበትና በባቡር ተጭኖ ሱቁ ወዳለበት ከተማ ይላካል። በቦታው አንጣፊው እርጥብ የሲሚንቶ ሊጥ ያነጥፋል፣ ቁራጮቹን በቁጥራቸው መሠረት ወረቀቱ ወደ ላይ እንደሆነ ያስቀምጣል፣ በሰፊ እንጨት እየመታ ያስተካክላል፤ ከዚያ ወረቀቱን በውኃ አርሶ ሲልጠው ጽሑፉ ቀጥ ብሎ ይወጣል። በመጨረሻም ክፍተቱን በቀጭን ሲሚንቶ ሞልቶ በድንጋይ ያሸዋል። ስለዚህ «ሊፕተን» የሚለውን ቃል የደረደረው ሰው ቃሉን ከኋላ ወደ ፊት፣ እያንዳንዱን ፊደል ገልብጦ ነው የደረደረው። ብዙዎቹ እንግሊዝኛ በቅጡ የማይናገሩ ስደተኞች እንደ መሆናቸው፣ የሠሩትን ስም እንደ ቃል ሳይሆን እንደ ቅርጽ አይተውት ሊሆን ይችላል። ሆኖም ስሕተት የተገኘበት ፊደል በሥራ ዘመኔ ሁሉ አላየሁም።

ከፍሪዩሊ የወጡት ባለሙያዎች በፓሪስ፣ በጀርመን፣ በአሜሪካና በብሪታንያ ከተሞች ተበተኑ፤ በለንደን ጣሊያናውያን በብዛት የሰፈሩት በክለርከንዌል፣ በማንቸስተር ደግሞ በአንኮትስ ነበር። በ1922 በስፒሊምበርጎ የተከፈተው የሞዛይክ ትምህርት ቤት እስከ ዛሬ ያስተምራል። ኢትዮጵያዊ አንባቢ ከዚህ መንደር ሰዎች መካከል አንዱን ሳያውቀው አይቀርም፦ በ1933 የዓለም የከባድ ሚዛን የቡጢ ሻምፒዮን የሆነው ፕሪሞ ካርኔራ የተወለደው በሴኩአልስ ነው፤ አባቱም ሞዛይክ ሠሪ ነበር። ይኸው ካርኔራ በሰኔ ወር 1935፣ ፋሺስት ጣሊያን ኢትዮጵያን ለመውረር በምትዘጋጅበት ጊዜ፣ በኒውዮርክ ከጆ ሉዊስ ጋር ሲገጥም፣ ጥቁር አሜሪካውያን ግጥሚያውን እንደ ኢትዮጵያና ጣሊያን ፍልሚያ አድርገው አዩት፤ ጆ ሉዊስም በስድስተኛው ዙር አሸነፈ። ነገር ግን የመንደሩ ጠጠር ደርዳሪዎች ከዚህ ሁሉ በፊት እንጀራ ፍለጋ የወጡ ምስኪኖች ነበሩና በዚያ ሚዛን እንዳይመዘኑብኝ እሻለሁ።

የወለልዎን ዕድሜ ለመገመት ጥቂት ነገሮችን ልብ ብለው ይመልከቱ። ከስሙ ቀጥሎ «ሊሚትድ» የሚል ወይም አጽሕሮቱ ካለ፣ ወለሉ ድርጅቱ የአክሲዮን ማኅበር ከሆነበት ከ1898 ወዲህ የተነጠፈ ነው፤ ባይኖር ግን ከዚያ በፊት ነው ብሎ መደምደም አይቻልም። ጠጠሮቹ መጠናቸው ትንሽ ትንሽ የሚለያይና በውስጣቸው ደም ሥር የመሰለ መስመር የሚታይባቸው ከሆኑ በእጅ የተቆረጡ እብነ በረድ ናቸው፤ ሁሉም አንድ ዓይነትና ጠርዛቸው ስል ከሆነ ግን በፋብሪካ የተጨመቀ ሸክላ ሊሆኑ ይችላሉ። በፊደላቱ ዙሪያ የፊደሉን ቅርጽ ተከትሎ የሚዞር አንድ ረድፍ ነጭ ጠጠር ካዩ፣ ያ የሰለጠነ እጅ ምልክት ነው፤ ፊደሉ ከመደቡ ተለይቶ እንዲነበብ የሚያደርገው ያ ረድፍ ነው። ጎንበስ ብለው በጎን ብርሃን ሲመለከቱትም ወረቀቱ የተቆረጠበትን ቀጭን መስመር ያገኙ ይሆናል። ከዚህ ሌላ በከተማው ቤተ መዛግብት በየጊዜው ይታተሙ የነበሩትን የኬሊ የንግድ ማውጫዎች ይጠይቁ፤ በመንገድና በቤት ቁጥር ተደርድረው በየትኛው ዓመት በዚያ ቤት ማን ይነግድ እንደነበር ያሳያሉ። የጎድ ኩባንያ ከ1886 ጀምሮ ለእሳት መድን ያዘጋጃቸው የከተማ ካርታዎች ከተማዎን የሚያካትቱ ከሆነ፣ የሱቁን ቅርጽ ጭምር ያገኙበታል።

ከ1920ዎቹ ወዲህ የኤሌክትሪክ መሞረጃ ማሽን ሲስፋፋ፣ የተሰባበረ እብነ በረድን ከሲሚንቶ ጋር ለውሶ አንጥፎ መሞረድ፣ ጠጠርን አንድ በአንድ ከመደርደር ይልቅ እጅግ ርካሽ ሆነ። ይህ በአዲስ አበባ በየትምህርት ቤቱና በየመሥሪያ ቤቱ ኮሪደር የምናውቀው ቴራዞ ነው፤ ስሙን ጣሊያንኛ እንዳለ የወሰድነው ሙያው ራሱ የዚያ አገር ስለሆነ ነው። ስለዚህ በደጃፍዎ ያለው በእጅ የተደረደረ ወለል ከቴራዞ በፊት የነበረው ልማድ ነው፤ ዛሬ በዚያ ዋጋና በዚያ ብዛት ተመልሶ የሚሠራ አይደለም።

የሊፕተን ሱቆች በ1920ዎቹ መጨረሻ ከሌሎች የምግብ ሰንሰለቶች ጋር በአንድ ባለቤትነት ሥር ገቡ። ሰር ቶማስ ራሱ በ1931 አረፈ። ሱቆቹ ከእጅ ወደ እጅ ተዘዋውረው በ1980ዎቹ ስሙ ከብሪታንያ የገበያ መንገዶች ጠፋ፤ ሻዩ ግን ለብቻው ወደ ሌላ ኩባንያ ስላለፈ ስሙ በዓለም ሁሉ ቀጠለ። ሱቁን የሚያስታውሱት አሁን እንዲህ ያሉ ደጃፎች ናቸው።

ስለ አያያዙ ደግሞ ጥቂት ልበል። በመጀመሪያ ከምንጣፉ የቀረ ጥቁር ሙጫ ካለ አይፋቁት፤ የቆየ ጥቁር ሙጫ አስቤስቶስ የተባለው ብናኙ ሳንባን የሚጎዳ ማዕድን ሊኖርበት ስለሚችል ፈቃድ ባለው ባለሙያ ናሙናው ይመርመር። ቀጥሎ ሕንፃው በእንግሊዝ የቅርስ ዝርዝር ውስጥ የተመዘገበ መሆን አለመሆኑን ይወቁ፤ ዝርዝሩ ለማንኛውም ሰው ክፍት ነው። ከተመዘገበ፣ ያለ ፈቃድ ወለሉን ማንሣትም ሆነ ባሕርዩን በሚለውጥ ሁኔታ መሸፈን በወንጀል ያስጠይቃል፤ ካልተመዘገበም ወለሉ የሕንፃው አካል ስለሆነ ያለ አከራይዎ ስምምነት ተቋራጩ ሊወስንበት አይገባም። ለተቋራጩ ይህን ያስረዱት፦ ሴራሚክ የሚለጠፍበት ማጣበቂያ የጠጠሩን ፊት ይዞ ስለሚቀር፣ ነገ ሴራሚኩን ማንሣት ማለት ሞዛይኩንም አብሮ መንቀል ማለት ነው። ምንጣፉ ግን አልነቀለውም።

ለማጽዳት ለብ ያለ ውኃ፣ ለስላሳ ሳሙናና የፕላስቲክ ብሩሽ ይበቃል። ኮምጣጤ፣ ሎሚና የቧንቧ ዝገት ማስለቀቂያ ፈጽሞ አይንኩት፤ አሲድ እብነ በረድን ይበላል፣ የበላውንም የሚመልሰው ሙረዳ ብቻ ነው። የሚያብለጨልጭ ሰም ወይም ቫርኒሽም አይቀቡት፤ ከሥር የሚወጣውን እርጥበት ስለሚያፍን ጠጠሩን ያስለቅቃል፣ በዝናብ ቀንም ደንበኛን ያንሸራትታል። የወለቁ ጠጠሮች ካሉ አንድም ሳይጣል ለቅመው፣ ከየት ቦታ እንደወለቁ በፎቶግራፍ ላይ ምልክት አድርገው በፖስታ ያኑሯቸው፤ ጠጋኙ ክፍተቱን በራሳቸው ጠጠሮችና ከቀድሞው ባልጠነከረ ሊጥ ይሞላዋል። ቀዳዳውን በግራጫ ሲሚንቶ የሚደፍን ሰው ቢመጣ ይመልሱት።

ቡናው በሚፈላበት ቀን ቄጤማ በደጃፉ ላይ መጎዝጎዝ ቢፈልጉ ይጎዝጉዙ፤ እርጥብ ሣር ግን ነጭ እብነ በረድ ላይ ካደረ አረንጓዴ ቀለሙን ይተዋልና በዚያው ማታ ያንሡት፣ የፈሰሰ ቡናም ሳይደርቅ ይጠረግ። የከሰሉን ምድጃ ግን በፊደላቱ ላይ ሳይሆን ወደ ውስጥ ገባ አድርገው በትሪ ላይ ያስቀምጡት።